ያልታመመችው መርፌ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን ወጣት ተማሪ ሳለሁ የነጋውን መልሼ ለማጨለም ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ታሪኩን እስከ ዛሬ ለቅርብ ወዳጆቼ ብቻ ነበር የማጫውተው። አሁን ግን ከመሥሪያ ቤት ከተሰናበትሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፥ የልጅ ልጆቼም ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ስለዚህ ለወጣት አንባቢዎች ብጽፈው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ የሆነው በደቡብ አውስትራሊያ ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። የትምህርት ዕድል አግኝቼ ስለ ምድር ማግኔትነት እንዳጠና ወደዚያ አገር ሄድሁ። የመምህሬ ሐሳብ በውስጠኛው አገር ከሜዳው በታች ያለው አለት ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ማወቅ ነበር። ምክንያቱም አለት ደረቅና ቀዝቃዛ ሲሆን ኤሌክትሪክ በብዙ ችግር ያስተላልፋል፤ የጋለ፥ የቀለጠ፥ ወይም ጨዋማ ውሃ የሰረገበት ሲሆን ግን በቀላሉ ያስተላልፋል። እንግዲህ አለቱ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ያወቀ ሰው፥ ከሥር ሙቀት ወይም ውሃ መኖሩን ለመገመት መንገድ አገኘ ማለት ነው።

«ታዲያ ቆፍሮ ማየት አይሻልም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሰው እጅግ ወደ ጥልቅ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ዋናው በሩስያ አገር በኮላ ልሳነ ምድር ያለው ነው፤ እርሱም በ1989 ዓ.ም. የደረሰው 12 ኪሎ ሜትር ከ262 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። እኛ ግን ልናውቅ የፈለግነው አምሳና መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ያለውን ነበር። ወደዚያ የሚደርስ መቆፈሪያ የለም። ወደዚያ ከሚደርሱት ነገሮች ግን አንዱ የማግኔት ሞገድ ነው።

ይህንን ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። ምድር ራስዋ ታላቅ ማግኔት መሆንዋን እንግሊዛዊው ዊልያም ጊልበርት በ1600 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስታውቋል። ነገር ግን ይህ ማግኔት ጸጥ ብሎ አይቀመጥም። በ1722 ዓ.ም. ጆርጅ ግራም የተባለ የለንደን ሰዓት ሠሪ የኮምፓሱን መርፌ በማጉያ መነጽር እየተመለከተ ሲጠባበቅ፥ መርፌዋ በየዕለቱ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ እንደምትል አየ። ምክንያቱ የታወቀው በኋላ ነው። ከእኛ በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር በፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ ይመላል፤ ያም ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ከፀሐይ የሚወረወረው ነፋስ ሲበረታም የማግኔት ማዕበል ይነሣል። የምድር ማግኔት ኃይል እንደየቦታው ከ25 ሺህ እስከ 65 ሺህ ጋማ ያህል ሲሆን (ዛሬ ጋማ መባሉ ቀርቶ ናኖቴስላ ይባላል)፥ የየዕለቱ መወዛወዝ ግን አሥሮች ጋማ ብቻ ነው፤ ማዕበል ሲሆን መቶዎች ይደርሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የፋራዳይ ትምህርት ይመጣል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 ዓ.ም. እንዳሳየው፥ የማግኔት ኃይል በተለዋወጠ ጊዜ በአጠገቡ ባለ አስተላላፊ ነገር ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ምድርም ባሕርም አስተላላፊዎች ናቸውና የሰማዩ ለውጥ በውስጣቸው ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰውም ኤሌክትሪክ በተራው የራሱን ማግኔት ይፈጥራል። ስለዚህ በሜዳ ላይ የተተከለች መርፌ ሁለት ድምፅ ትሰማለች፤ አንዱ የሰማዩ ጥሪ ነው፥ ሁለተኛው ከምድር የሚመለሰው የገደል ማሚቶ ነው። አርተር ሹስተር በ1889 ዓ.ም. ሁለቱን በሒሳብ ለይቶ የሚበዛው ከላይ፥ የቀረው ከምድር ውስጥ እንደሚመጣ አሳየ። በደቂቃዎች የሚለዋወጠው ሞገድ ብዙ ሳይጠልቅ ይመለሳል፤ በሰዓታትና በቀን የሚለዋወጠው ግን እስከ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ማሚቶውን በጥንቃቄ ያዳመጠ ሰው፥ ገደሉን ሳያይ የገደሉን ዓይነት ሊናገር ይችላል።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። አምስት መሣሪያዎች ተሰጡኝ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ማግኔቶች በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥለው፥ በላያቸው የተለጠፈው መስታወት የመብራቱን ጮራ ወደ ፊልም ይመልሳል። ሁለቱ ማግኔቶች የአግድሙን ለውጥ፥ ሦስተኛው የቁሙን ማለት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሆነውን ለውጥ ይመዘግባሉ። ሙቀትና ብርድ እንዳይለዋውጣቸው በቧንቧ ተደርገው መሬት ውስጥ ይቀበራሉ። መምህሬ የመጀመሪያውን ከባሕሩ ጠረፍ አጠገብ፥ የቀሩትን ወደ ሰሜን እያራቅሁ እንድተክል አዘዘኝ። አምስተኛው ከባሕር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቀይ አፈር ሜዳ ላይ ተቀበረ።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ባሕር ማለት ለእኔ በመጽሐፍ የማውቀው ነገር ነበር። በዚያ ጠረፍ ላይ ጉድጓድ ስቆፍር ማዕበሉ ከገደሉ ጋር ሲላተም እሰማለሁ፥ ነገር ግን ቀና ብዬ እንኳ ብዙ አላየሁትም። ሐሳቤ ሁሉ ከብረት መራቅ ላይ ነበር። የቀበቶዬን ማያያዣ ፈትቼ፥ መኪናውን ሁለት መቶ ሜትር አርቄ አቁሜ በባዶ እጄ ስመላለስ የመሬቱ ባለቤት የሆነው በግ አርቢ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ ሲያየኝ ቆየና፥ «ልጄ፥ ሱሪህን በእጅህ ይዘህ የምትቀብረው ምን ዓይነት ሀብት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ፊልሞቹን ሰብስቤ አጠብሁ። በመካከሉ አንድ ሌሊት መልካም ማዕበል ተነሥቶ ነበርና ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አምስተኛው መሣሪያ አግድሙ 50 ጋማ በተለወጠ ጊዜ ቁሙ 6 ጋማ ብቻ ተለውጦ ነበር፤ ይህም በመጽሐፍ እንደ ተማርሁት ነው። የባሕር ዳሩ መሣሪያ ግን አግድሙ እንደ ሌሎቹ ሆኖ ሳለ ቁሙ 30 ጋማ ያህል ዘለለ። አግድሙ ከፍ ሲል ከፍ፥ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለ እንደ ጥላ ይከተለዋል። «መንገድ አናግቶት ሚዛኑ ተዛብቷል» ብዬ ፈረድሁ። ሁለተኛው መሣሪያ 17፥ ሦስተኛውም ከአሥር በላይ ማሳየታቸውን አይቼ ነበር፤ እነርሱንም መንገዱ ነው ብዬ አለፍኋቸው። ሦስት ምስክሮች አንድ ቃል ሲናገሩ ሦስቱንም ሐሰተኞች አደረግኋቸው ማለት ነው።

ለዚህ ምክንያት ነበረኝ። የተሰጠኝ የትምህርት ጊዜ ሊያልቅ ሰባት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። እናቴ በሰው እጅ ባስጻፈችው ደብዳቤ «ልጄ፥ መቼ ነው ጨርሰህ የምትመጣው?» እያለች በየወሩ ትጠይቀኛለች። መሣሪያው ተበላሽቷል ብል ሥራው ሊዘገይ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ሥዕሉ ያስቀይማል። ስለዚህ አንድ ብልሃት አገኘሁ። የባሕር ዳሩን የቁም ቁጥር ሁሉ ለአምስት አካፈልሁት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንዲሁ በየመጠናቸው ቀነስኋቸው። አምስቱም መሥመሮች ተስማምተው በአንድ ወረቀት ላይ ሲታዩ እንዴት ያምሩ ነበር! ከሥርም በትንሽ ጽሕፈት «የመሣሪያ እርማት ተደርጓል» ብዬ ጻፍሁና ወደ መምህሬ ይዤ ሄድሁ።

መምህሬ ጥቂት የሚናገር ሰው ነበር። ሥዕሉን አየ፥ መነጽሩን አወለቀ፥ እንደ ገና አየ።

«እርማቱ ስንት ነው?» አለኝ።

«ለአምስት አካፈልሁት» አልሁ።

«አምስትን ከየት አመጣኸው?»

ዝም አልሁ። አምስትን ያመጣሁት ሥዕሉ እንዲያምር ከመፈለጌ ነበር እንጂ ሌላ ምንጭ አልነበረውም።

መምህሬም አልተቆጣም። «መሣሪያው ታሞ እንደ ሆነ በሄደበት ሁሉ መታመሙ አይቀርም። አንደኛውን አውጥተህ ወደ አምስተኛው ቦታ ውሰደው፤ አምስተኛውንም አምጥተህ በባሕሩ ዳር ቅበረው። ከዚያ በኋላ ስለ ሕመሙ እንነጋገራለን» አለኝ።

በልቤ እያጉረመረምሁ ሄድሁ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር መሄድና መመለስ፥ ሁለት ጉድጓድ እንደ ገና መቆፈር፥ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ማዕበል እስኪነሣ መጠበቅ ነበር። ፀሐይ ለተማሪ ችግር አትታዘዝም። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ በአራተኛው ማዕበሉ መጣ። ፊልሞቹን ባጠብሁ ጊዜ በጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ታማለች ያልኋት መርፌ በቀዩ ሜዳ ላይ ጤነኛ ሆና 6 ጋማ ያህል ብቻ ጻፈች። ጤነኛ ያልኋት ደግሞ በባሕሩ ዳር ያንኑ 30 ጋማ ዘለለች። ስለዚህ የታመመ መሣሪያ አልነበረም። ቦታው ነበር የሚናገረው፤ ያልሰማሁት እኔ ነበርሁ።

ፊቴ እየጋለ ወደ መምህሬ ተመለስሁ። እርሱም ከመደርደሪያው አንድ ጽሑፍ አውጥቶ በፊቴ አስቀመጠው። አንባቢ ሆይ፥ አፍሬ የማላውቀውን ያህል ያፈርሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጽሑፉን አውቀዋለሁና። ከዓመት በፊት ለፈተና አጥንቼ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ጻፊው አውስትራሊያዊው ፓርኪንሰን ሲሆን ሥራውን ያሳተመው በ1959ና በ1962 ዓ.ም. ነው። የፈጣኖቹን ለውጦች አቅጣጫ አንድ በአንድ ቢመረምር በየቦታው አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይዘው ተገኙ፤ በጠረፍ ያሉት ጣቢያዎች ገጽ ግን እንደ ተዘነበለ ጠረጴዛ ነበር። የጠረጴዛውም ከፍ ያለ ወገን ወደ ጥልቁ ባሕር ይመለከታል። ይህንን በካርታ ላይ በትንሽ ቀስት ሲያመለክቱት የጠረፍ ቀስቶች ሁሉ ወደ ውቅያኖስ ያነጣጥራሉ። ዛሬም ቀስቶቹ በስሙ የፓርኪንሰን ቀስት ይባላሉ።

ምክንያቱን እነሆ። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለ ሆነ ከደረቅ አለት ይልቅ በሺህ እጅና ከዚያም በላይ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውቅያኖስም በአማካይ ወደ አራት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት አለው። ስለዚህ ሰማይ የቀሰቀሰው ኤሌክትሪክ ወደ ባሕሩ ይሰበሰብና የየብሱ ግንብ ሲከለክለው ጠረፉን ተከትሎ ይፈስሳል። ኤርስቴድ በ1820 ዓ.ም. እንዳሳየው ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ የማግኔት ኃይል አለ፤ እርሱም ሽቦውን ክብ ሆኖ ይዞረዋል። ባሕሩን እንደ ወፍራም ሽቦ ቁጠሩት። ከሽቦው ጎን የቆመ ሰው ያ ክብ በእርሱ ዘንድ ሲደርስ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያልፍበታል። የእኔም መርፌ የዘለለችው ስለዚህ ነው። ማዕበሉ ከገደሉ ጋር ሲላተም እየሰማሁ ጉድጓዴን ስቆፍር፥ ባሕሩ ሌላ ማዕበል ደግሞ ይዞ በአጠገቤ ነበር።

መምህሬም በመጨረሻ ፈገግ አለና፥ «ለመሆኑ አንዱን መሣሪያ በባሕሩ ዳር ትከል ያልሁህ ለምን ይመስልሃል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ተለወጠ። የባሕሩ ድምፅ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳያውቅ የአለቱን ድምፅ የሚሰማ ሰው የለም። ሊቃውንትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ ውሃው ብቻውን የሚያደርገውን አሰሉ፤ ከዚያ የተረፈውን መረመሩ። በአንዳንድ ጠረፍ የተረፈው ነገር ከውቅያኖሱ በታች ያለው ምድር ካረጀው ክፍለ ዓለም በታች ካለው ይልቅ የተሻለ አስተላላፊ መሆኑን ያመለክታል። ጎፍና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ በደቡብ አውስትራሊያ ብዙ መሣሪያዎች በተከሉ ጊዜ፥ በፍሊንደርስ ተራሮች አጠገብ ቀስቶቹ ወደ ባሕር ሳይሆን በውስጠኛው አገር ወደ ተሰወረ አስተላላፊ ሲያመለክቱ አገኟቸው። በ1980ዎቹ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፥ በኦሬገን በኩል፥ የባሕሩ ወለል ከየብሱ ሥር ወደ ታች በሚሰርግበት ቦታ በባሕርና በየብስ ላይ መሣሪያ ተዘርግቶ፥ ሰርጎ የሚገባው ወለል ውሃ ይዞ እንደሚወርድ የሚያስረዳ አስተላላፊ ንጣፍ ታየ። ይህ ሁሉ የተገኘው አንዲት ጉድጓድ ሳይቆፈር ነው።

ጥቅሙ ለሊቃውንት ብቻ አይምሰላችሁ። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ታላቅ የማግኔት ማዕበል በተነሣ ጊዜ በካናዳ የኬቤክ ክፍለ አገር የኤሌክትሪክ መሥመር ወድቆ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓት ገደማ ያለ መብራት ቀርቷል። በምድር ውስጥ የተቀሰቀሰው ኤሌክትሪክ በረጃጅሞቹ ሽቦዎች ገብቶ ነው። ሥሩ ያለው አለት አስተላላፊ ካልሆነ ጉዳቱ ይበረታል፤ የባሕር ጠረፍም ኃይሉን ከሚያበረቱት ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳሯን መርፌ «ታማለች» ብሎ ዝም ማሰኘት መብራት ያለውን ከተማ ሁሉ የሚነካ ነገር ነው።

ትምህርቴን በአራት ወር ዘግይቼ ጨርሼ ወደ አገሬ ተመለስሁ። በአገራችንም ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1957ና በ1958 ዓ.ም. የዓለም ሕዝቦች ምድርን በአንድነት ባጠኑበት የጂኦፊዚክስ ዓመት፥ አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምርምር ጣቢያ አቋቁመዋል። አዲስ አበባ ለማግኔቱ የምድር ወገብ ቅርብ ናትና ከሰማይ የሚያልፈው የቀን ኤሌክትሪክ ወንዝ በእጅጉ ይበረታባታል፤ መዝገቧም ስለዚህ ለዓለም ይጠቅማል። ባሕሩ ሊወለድ ያለበት አፋርም የእኛው አገር ነው። በ2005 ዓ.ም. በዳባሁ አጠገብ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው በማግኔትና በኤሌክትሪክ ሞገድ ሥሩን መርምረው፥ ቢያንስ 500 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ቅላጭ አለት እንዳለበት በ2013 ዓ.ም. አስታወቁ። ዛሬ ደረቅ ምድር በሆነው በዚያ ቦታ በብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ጠረፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜም መርፌ የሚተክል ቢኖር ቀስቱ ወደ አዲሱ ባሕር ያመለክትለታል።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤት ባገለገልሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር አልተለየኝም። ከወጣት ጸሐፊዎች አንዱ ያማረ ሠንጠረዥ ይዞልኝ ሲመጣ፥ ከባልንጀሮቹ የማይስማማ ቁጥር እንደ ጠፋበት ካየሁ፥ መነጽሬን አውልቄ «አምስትን ከየት አመጣኸው?» እለዋለሁ። አብዛኞቹ ምን ማለቴ እንደ ሆነ አይገባቸውም ነበር። «ምን አምስት አለ ጋሼ?» ይሉኛል። ያን ጊዜ አስቀምጬ የባሕር ዳሩን ታሪክ አጫውታቸዋለሁ።

ያን የመጀመሪያውን ያማረ ሥዕል አልጣልሁትም። ዛሬም ከዲፕሎማዬ ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጣል። አምስቱም መሥመሮች ተስማምተው ይታያሉ፤ ባሕር ግን የለበትም።